አውሮፓን በድሬዳዋ በር ያዩ ሰዎች



የጅቡቲና የአዲስ አበባ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት አይሄድም ነበር። ከአዲስ አበባ የተሳፈረ መንገደኛ አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ያድርና በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ሮማ የተላከ መልእክተኛ፣ ለትምህርት የሄደ ወጣት፣ ዕቃ ሊያመጣ የወጣ ነጋዴ፣ አብዛኛው አውሮፓን ከማየቱ በፊት እዚሁ አድሯል። ሲመለስም እንዲሁ። የፓሪስን ወሬ ከአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ የሰማው የድሬ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ታሪካዊ የአውሮፓ ከተሞች ጉብኝት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ድልድዩ፣ ስለ ካቴድራሉ፣ ስለ ሙዚየሙ ነው። የዛሬው ዲስኩር ዓይኑን የሚጥለው በተጓዦቹ ላይ ነው፤ ከዚህ ሐዲድ ተነሥተው እነዚያን ከተሞች ባዩ ኢትዮጵያውያን ላይ። ምን አዩ? ምን ጠየቁ? ይዘውት የተመለሱትስ ምን ነበር? አንዳንዱ በድንጋዩ ውበት ተደምሞ ቀርቷል። አንዳንዱ ደግሞ ድንጋዩን ማን እንዳነጠፈው፣ በማን ገንዘብ እንደተነጠፈ፣ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቋል። ለአገር የተረፈው ይኸኛው ነው።

ከሐዲዱ በፊት ግን ጉዞው ሌላ ነበር። ሐረር ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ ታሞ አገሩ ሊገባ ሲነሣ፣ አሥራ ስድስት ተሸካሚዎች በቃሬዛ ይዘውት በበረሃው አቋርጠው ዘይላ ወደብ አድርሰውታል። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም እዚያው ሞተ። ከሐረር አውሮፓ መድረስ ማለት ያን ጊዜ ይኸ ነው፤ ለጤነኛ በበቅሎ፣ ለበሽተኛ በሰው ትከሻ።

የሐረሩ ገዥ መኮንንም፣ ያኔ ገና ደጃዝማች ሳሉ፣ በዚያው በዘይላ በኩል ወርደው ነው በ1881 ዓ.ም. ክረምት ጣሊያን የገቡት። ሮማ ላይ ንጉሥ ኡምቤርቶ ተቀበሏቸው። ኔፕልስ ላይ ደግሞ በመስከረም 1882 ዓ.ም. ከውጫሌው ውል ጋር የተያያዘውን ተጨማሪ ስምምነት ፈረሙ። በዚህ ስምምነት ኢትዮጵያ አራት ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች። ለብድሩ መያዣ የሆነው ምን ነበር ቢባል፣ የሐረር ጉምሩክ ገቢ! የዛሬው የድሬዳዋና የሐረር ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ነው፤ የአንድ ከተማ ኬላ በሜዲትራኒያን ዳር በተፈረመ ወረቀት ላይ መያዣ ሆኖ ተጻፈ። ስድስት ዓመት ቆይቶ እኒሁ መኮንን አምባላጌ ላይ ከዚያው ከጣሊያን ጦር ጋር ተገጣጠሙ፤ ቀጥሎ መቀሌ፣ ቀጥሎ አድዋ። የሰውን አገር ከተማ አይቶ ማድነቅና ለዚያ አገር ማደር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከመኮንን በላይ ያሳየ ተጓዥ ማግኘት ያስቸግራል። በ1894 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ዳግመኛ ወደ አውሮፓ ሲሻገሩ ባቡሩ ድሬዳዋ ሊገባ የቀረው ጥቂት ወራት ነበር።

ገባም። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሦስት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚህ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ግን እንቢ አለ፤ ወጪውም ከበደ። ስለዚህ የባቡሩ ኩባንያ ከተራራው ግርጌ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር፣ አዲስ ከተማ ቆረቆረ። በመጀመሪያው ሰሞን "አዲስ ሐረር" ይሏት ነበር። ከዚራ የተባለው ሰፈር መንገዶች በገመድ ተለክተው ቀጥ ብለው የተቀየሱት፣ ለገሃሩ፣ ወርክሾፑና የኩባንያው መኖሪያ ቤቶች የተሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በራሱ መንገድ፣ በገበያውና በነዋሪው ልማድ አደገ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው፣ በ1909 ዓ.ም.። እስከዚያ ድረስ የባቡሩ ከተማ ድሬ ነበረች። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ፣ ጣሊያኑና ፈረንሳዩ ሁሉ በዚሁ በር ገባ። ፓሪስን ያላየ የድሬ ሰው የፓሪስን ቀያሽ እጅ ሥራ በየቀኑ ይረግጠው ነበር ማለት ነው።

በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ ራስ ካሣ፣ ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ሲላኩ እስከ ሐዲዱ ጫፍ በበቅሎ መጥተው ነው የተሳፈሩት። ከተከታዮቻቸው አንዱ ጸሐፊው ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። ይህን ስም ያዙት፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. በዚህ ሐዲድ ላይ ያለፈው ጉዞ ግን ከሁሉም የገነነው ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን፣ የሐረሩ ልጅ፣ ከራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ ከራስ ሥዩም መንገሻ፣ ከደጃዝማች ናደው፣ ከብላቴን ጌታ ኅሩይና ከሌሎች መኳንንት ጋር ሆነው ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ጎጃምንና ትግራይን የሚገዙትን ሁለቱን ራሶች ይዞ መሄዱ ለክብር ብቻ አልነበረም ይባላል፤ አልጋ ወራሹ በሌሉበት አገር ውስጥ የሚያሳስብ ሰው እንዳይቀር ነው። ብልህ መንገደኛ ማለት ይኸ ነው፤ ሻንጣ ሲያዘጋጅ ጎረቤቱንም ያስባል።

ግብፅንና ኢየሩሳሌምን አይተው ወደ ማርሴይ፣ ከዚያ ወደ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ሉክሰምበርግ፣ ስቶክሆልም፣ ሮማ፣ ለንደን፣ ጄኔቫ፣ አቴና። ሮማ ላይ ንጉሡም ሙሶሊኒም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ተቀበሏቸው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለአልጋ ወራሹ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። ኢትዮጵያ በመስከረም ወር የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበርና ዓለም በጉጉት ያያቸው ነበር። የጉዞው ዋና ጉዳይ ግን ሽርሽር አልነበረም፤ የባሕር በር ነበር። ያም አልተገኘም። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን እንግዳውን በሙዚቃና በግብር አስተናገዱ፣ ወደብ ግን አልሰጡም።

ሆኖም ባዶ እጅ መመለስ አልነበረም። ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው ከጭፍጨፋ የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆነው በዚህ ሐዲድ አዲስ አበባ ገቡ። "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ይህን ጉዞ በመጽሐፍ የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ናቸው። የመጽሐፉ ስም ደስታና ክብር ነው፤ የወጣውም በዚያው በ1916 ዓ.ም. ነው። አርእስቱ የዚያን ጊዜ ስሜት ይናገራል፤ በየከተማው ጎዳና ሰልፍ፣ በየቤተ መንግሥቱ ግብዣ። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው ባቡር ያኔ ንጉሠ ነገሥት የሆኑትን ተፈሪን ለስደት ይዞ በድሬዳዋ አለፈ። ኅሩይም አብረው ነበሩ። የኢትዮጵያ አቤቱታ በሰኔ ወር ጄኔቫ ላይ ተሰማ፤ ጆሮ የሰጠው ግን አልነበረም። ከዚያ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ሰፈሩ። ባዝ ሮማውያን በፍል ውሃዋ ዳር የገነቧት፣ ዛሬ ቱሪስት የሚያጥለቀልቃት ውብ ጥንታዊ ከተማ ናት። ስደተኛው የኢትዮጵያ መንግሥት ፌርፊልድ በሚባል ቤት ውስጥ እስከ 1932 ዓ.ም. ቆየ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እዚያው ቤት በመስከረም 1931 ዓ.ም. አረፉ፤ የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ። ዛሬ ባዝን የሚጎበኝ ኢትዮጵያዊ የሮማውያኑን መታጠቢያ አይቶ ብቻ ቢመለስ ግማሹን ከተማ አላየም። ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ኋላ ለከተማው ሰጥተውታል፤ አሁንም ቆሟል።

አሁን ከባዝ ወደ ድሬዳዋ ጉምሩክ እንመለስ።

ድሬዳዋ አንድ ነገር አላት፣ ራሷ ብዙም የማታወራው። በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለት አውሮፓን ያዩ ደራሲዎች በዚህች ከተማ ነጋድራስ፣ ማለትም የጉምሩክ ሹም፣ ሆነው ሠርተዋል። አንደኛው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ሁለተኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ሁለቱን በአንድ ላይ ማየት የዚህ ሁሉ ዲስኩር አንጀት ነው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. ገደማ አድዋ ተወለዱ። እንደሚተረከው በልጅነታቸው ምጽዋ አካባቢ ከስዊድን ሚሲዮን ዘንድ ሳሉ አንድ የጀርመን መርከብ ላይ ወጥተው ተደብቀው ሄዱ። ኦስትሪያ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ አሳደጋቸው፤ በርሊን ሕክምና ተማሩ። በዚያ ዘመን በርሊን ማለት የኤሌክትሪክ፣ የባቡርና የፋብሪካ ዋና ከተማ ነው። የአድዋ ልጅ ያን ሁሉ አይቶ ቢፈዝ ማን ይፈርድበታል? ገብረ ሕይወት ግን አልፈዘዙም። ይህ ሀብት ከየት መጣ? የሚለውን ጥያቄ ይዘው ተመለሱ። መልሱን የጻፉት መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፍ ነው። ሐሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ለሌላው ይሠራል፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ከባለ ዕውቀት ጋር ሲነግድ ነጻነቱን ሳይቀር ቀስ በቀስ ያስረክባል።

ይህ ሐሳብ ከበርሊን መጽሐፍ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እስቲ የድሬዳዋ ጉምሩክ ግቢ ውስጥ የተቀመጠን ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ፉርጎ ቡናና ቆዳ ጭኗል። ከጅቡቲ የሚወጣው ደግሞ አቡጀዲና ሌላ የፋብሪካ ዕቃ። የወረደው ቆዳ ጫማ ሆኖ ይመለስና አሥር እጥፍ ይጠየቅበታል። ኬላው ላይ ሚዛኑን የሚያይ ሰው መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ትምህርቱ በየቀኑ በፉርጎ ያልፋል። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ሞቱ። መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ራስ ተፈሪ አውሮፓን በዞሩበት በዚያው ዓመት። በአንድ ዓመት ሁለት መጻሕፍት ወጡ፤ አንዱ ስለ አውሮፓ ሰልፍ፣ አንዱ ስለ አውሮፓ ሂሳብ። የዚህ ተናጋሪ ፍርድ ለሂሳቡ ያደላል።

አፈወርቅ ሌላ ሰው ናቸው። የዘጌ ተወላጅ፣ ሠዓሊ፣ በቱሪን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ጣሊያናዊት ያገቡ፣ ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተማሩ። በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። አማርኛቸው የሚጣፍጥ፣ የሚፈስ፣ ዛሬም የሚነበብ ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ግን ለፈረንጅ መንገደኛ ባዘጋጁት የንግግር መምሪያ ውስጥ አገራቸውን በአውሮፓ መነጽር እየመዘኑ ሲሸረድዱ እናገኛቸዋለን። ተመልሰው የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆኑ። ከዚያ ሮማ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ደግሞ ከወራሪው ጋር ወገኑ፤ "አፈ ቄሣር" ተብለው ተሾሙ። ከነጻነት በኋላ ጅማ በግዞት ሳሉ ዓይናቸው ጠፍቶ ሞቱ።

አንድ ጉምሩክ፣ አንድ ሹመት፣ ሁለት ተጓዦች። ልዩነታቸው የመጣው ካዩት ከተማ ነው እንዳይባል ቱሪንም በርሊንም ያማሩ ከተሞች ናቸው። አንደኛው ከተማውን እንደ ተሠራ ነገር አየው፤ የተሠራ ነገር ደግሞ እንዴት እንደተሠራ ይጠየቃል፣ እኛም ልንሠራው እንችላለን። ሌላው እንደ ተሰጠ ጸጋ አየው፤ ለጸጋ መስገድ ብቻ ነው።

ሦስተኛ ሰው ሳይጠቀስ አይታለፍም፣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። በልጅነታቸው ከመኮንን ሠራዊት ጋር አድዋ የዘመቱ፣ ከዚያ ሩሲያ ሄደው የመድፈኝነት ትምህርት የተማሩ፣ ለዓመታት ሴንት ፒተርስበርግን ያዩ ሰው ናቸው። ከተመለሱ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ለምሥራቁ ሰው የሚቀርበው ግን በጨርጨር አገር የሠሩት ሥራ ነው። አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ መንገዷን ቀይሰው እንደ አርአያ ከተማ ለማቋቋም የደከሙ እሳቸው ናቸው። ከሩሲያ ዋና ከተማ የመጣ ሐሳብ ተራራ ላይ ተተከለ።

ሮማ ለብቻዋ መነገር አለባት። ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሮማ ከሌላው ከተማ ሁሉ የተለየች ናት፤ የገዛ ታሪኩን የሚያገኝባት ከተማ ናትና።

በባቡር የገባ ሰው ተርሚኒ ይወርዳል። ከጣቢያው ሲወጣ የሚረግጠው አደባባይ ስሙ "የአምስቱ መቶ አደባባይ" ነው። አምስቱ መቶ እነማን ናቸው? በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ስንቱ አበሻ ነው በዚያ አደባባይ ዘመዱን ሲጠብቅ፣ ስልክ ሲደውል፣ ቡና ሲጠጣ የሚውለው፣ ስሙ የአሉላን ድል እንደሚያስታውስ ሳያውቅ! እዚያው አጠገብ ለዶጋሊ ሙታን መታሰቢያ የቆመ የግብፅ ሐውልት አለ። ፋሽስቶች ከአዲስ አበባ ለገሃር ፊት ለፊት ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ያስቀመጡት ከሥሩ ነበር። ይኸ አንበሳ የእኛው ሐዲድ መጨረሻ ላይ የቆመው አንበሳ ነው። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ዘርአይ ደረስ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት አንበሳውን አየና ተንበርክኮ ጸለየ። በቦታው የነበሩ ሰዎች ሊያነሱት ሲሞክሩ ሰይፍ መዘዘ። ተይዞ ታሰረ፤ አገሩንም ዳግመኛ ሳያይ ሲሲሊ ውስጥ ሞተ። አንበሳው ግን ከዘመናት በኋላ ወደ ለገሃሩ ተመልሷል።

ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ የጥንት ሮማውያን የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ ዳር፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ያህል ክብደት። በ1929 ዓ.ም. ተወሰደ። ከጦርነቱ በኋላ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን ሁሉ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ እንድትመልስ ግዴታ ገባች። አሥራ ስምንቱ ወር ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆነ። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አክሱም ቆመ።

ሮማ የዝርፊያ ትዝታ ብቻ አይደለችም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘአበሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዝ አዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1548ና በ1549 ሮማ ላይ ያሳተሙት ከዚያ ሆነው ነው። የቅዱስ ጴጥሮስን ትልቁን የነሐስ በር ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ደግሞ፣ ፊላሬቴ የተባለው ባለሙያ በጠባቡ የሥዕል ረድፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳም ተልከው ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ የመጡትን የኢትዮጵያ መነኮሳት ቀርጿቸው ያገኛል። ብዙ ቱሪስት ያንን በር ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ ይነሣል። የእኛ ሰው ግን ፊቱን ቢያዞር ይሻላል።

የድሬ ሰው በሮማ አንድ ተጨማሪ ነገር ሳይለምደው አይቀርም። በበጋው ሙቀት ብዙ ሱቅ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ ሰው ጥላ ፈልጎ ያርፋል፣ ከተማው ወደ ማታ ነፍስ ይዘራል። ድሬን የሚያውቅ በዚህ አይገረምም።

ለንደን ያለው ደግሞ ሌላ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንግሊዞች ከዐፄ ቴዎድሮስ የዘረፉት ዕቃ በ15 ዝሆንና በሁለት መቶ ገደማ በቅሎ ነው የተጓዘው። ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የወርቅ ዘውድ አለ፤ በ1730ዎቹ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ለጎንደር ቁስቋም ማርያም የተሰጠ እንደሆነ ይታመናል። ሦስት እርከን አለው፤ በላዩ ላይ የሐዋርያትና የወንጌላውያን ሥዕል ተቀርጿል። ከራስ ተፈሪ ጉብኝት ጋር ተያይዞ እንግሊዞች ከሁለቱ የቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱን መልሰዋል። የመለሱት ርካሹን ነበር፤ ወርቁ ቀርቷል። ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ደግሞ በ18 ዓመቱ የሞተው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ተቀብሯል። አጽሙ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሰጠው መልስ፣ የሌሎችን አጽም ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ "እነሱ ጥንታዊ ከተማ አላቸው፤ ድሬ ግን ትናንት የተቆረቆረች ናት፤ ምን ያነጻጽረናል?" ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ያስገርማል።

ፓሪስ ስትባል ዓይናችን ውስጥ የሚመጣው ሰፊ ጎዳናና እኩል ቁመት ያለው ሕንፃ ኦስማን የተባለው ሹም እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1870 አፍርሶ ያሠራው ነው። የሐረር ጁገል ግንብ ከዚያ በሦስት መቶ ዓመት ይበልጣል። የኤፍል ማማ የተመረቀው መኮንን ጣሊያን በሄዱበት ዓመት ነው፤ ፈቃዱም ለሃያ ዓመት ብቻ ነበር፣ ከዚያ ሊፈርስ። የተረፈው ለሬዲዮ ቴሌግራፍ ስለጠቀመ ነው። ዋርሶ ደግሞ ከሁሉ ትብሳለች። የጥንቱ ከተማዋ ከ85 በመቶ በላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደመ። ሕዝቡ የ18ኛውን መቶ ዘመን የቤሎቶን ሥዕሎች እያየ፣ ድሮ የተነሡ ንድፎችን እየገለበጠ፣ ድንጋይ በድንጋይ መልሶ ሠራው። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ስለዚህ ቱሪስት "ጥንታዊ" ብሎ የሚያደንቀው የዋርሶ ገበያ አደባባይ ግንቡ ከከዚራ ቤቶች ያንሳል በዕድሜ! ጥንታዊነት ከዕድሜ ይልቅ የውሳኔ ነገር ነው፤ በጀት፣ ሕግ፣ ንድፍና ጠባቂ የተመደበለት ያረጃል፣ ያልተመደበለት ይፈርሳል።

ዋርሶን ያስነሣው ሥዕልና ንድፍ መቀመጡ ነው። ድሬዳዋስ ምን አስቀምጣለች? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ሞልቶ ሲወጣ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነጠቀን፤ ቤቱን ከነሣጥኑ፣ ሣጥኑን ከነወረቀቱ ይዞ ሄደ። የድሮው ባቡርም ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከተማው ውጭ አደረገ። ለገሃሩና ወርክሾፑ ግን አሉ፤ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችም አሉ፤ የኩባንያውን ሥራ ከአባቶቻቸው የተማሩ፣ የእያንዳንዱን ማሽን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። የቀፊራ ገበያ ቅስቶች አሉ። የግሪኩና የአርመኑ ቤት፣ ባለ በረንዳው፣ አሁንም ሰው ይኖርበታል።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ የምትወጡት ሁሉ አንድ ነገር ተለመኑ። በአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ የኩባንያው የሥራ ደብተር፣ የባቡር ትኬት፣ ከማርሴይ ወይም ከጅቡቲ የተላከ ደብዳቤ፣ ከለገሃሩ ፊት የተነሣ ፎቶ ቢኖር አትጣሉት። በፈረንሳይኛ ስለተጻፈ አይጠቅመንም አትበሉ። ከፎቶው ጀርባ የሰዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን የሚያውቅ አዛውንት ሳለ አስጽፉ። በቻይና ስልክ የተነሣ ቅጂም ቢሆን ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት አድርሱ። ጡረተኛ ማሽኒስት አባት ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ድምፃቸውንም ቅዱ። ዋናውን እናንተ ያዙት፤ ቅጂውን ግን ለከተማችሁ ስጡ።